ለልዑሉ የተተወ ፍራሽ

የወሰዱኝ ቡታጅራ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ገቡና አንደኛው በትሕትና «መምህር፣ ለአፍታ ፈልገንህ ነበር» አለኝ። ብርጭቆዬን አጥቤ ልመልስ ስነሳ «ተወው፣ ሌላ ሰው ያነሳዋል» አለ። ነገሩ የአፍታ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

የጫኑኝ ፒካፕ በደጋው በኩል ወደ ወልቂጤ ሲጓዝ ከኋላ ወንበር በሁለቱ ሰዎች መካከል ተቀምጬ ጣቶቼ ላይ የቀረውን የጠመኔ ብናኝ ስጠርግ ቆየሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰቱ ጉም ውስጥ ቆሟል። ማንም አልሰደበኝም። እንዲያውም አንደኛው መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዛና ግማሹን ሰብሮ ሰጠኝ። በላሁት። ስለዚያ ቀን ሳስብ አሁንም የሚገርመኝ ያ በቆሎ ነው፤ በጣም ይጣፍጥ ነበር።

ክፍሉን ከማየቴ በፊት አሸተትኩት። የላብ፣ የሽንት፣ የእርጥብ ሲሚንቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትናንት ጎመን ሽታ ነበር። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች እግር። ከበሩ ጎን ክዳኑ የጠፋ ቢጫ ባልዲ ነበር፤ ከባልዲው ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሰው የሚያስተኛ ባዶ ሲሚንቶ።

«ቦታህ እሱ ነው» አለኝ አንድ ድምፅ።

እዚህ ላይ የክፍሉን ሥርዓት ላስረዳ፤ ያለዚያ የኋላው ነገር አይገባም። መተኛ ቦታ የሚሰጠው በቆይታ ነበር። አዲስ የገባ ሰው ባልዲው አጠገብ ይተኛል። አንድ ሰው ሲፈታ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ከፍ ይላል። ከባልዲው የራቀ ሰው ወደ መስኮቱ ይቀርባል። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች፣ በሽቦ የታጠረች፣ ከደብተር የማትሰፋ ቀዳዳ ነበረች። ሆኖም ነፋስ ታስገባለች፤ ጠዋት ላይ ደግሞ ትንሽ ፀሐይ። ሥርዓቱን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ስም የሰጠው ግን የድሮው ጦር ሃምሳ አለቃ የነበረ ጓደኛችን ነው። ባልዲው አጠገብ ያለው «ምልምል» ይባላል፤ መሐል ያሉት እንደ ቅደም ተከተላቸው አሥር አለቃ፣ ሻምበል፣ ኮሎኔል፤ መስኮቱ ሥር ያለው ጄኔራል። ማንም ሰው በጉልበትም ሆነ በዘመድ ቦታ መዝለል አይችልም።

«ቦታህ እሱ ነው» ያለኝም ሃምሳ አለቃው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበትኖ ከሰሜን እስከ አገሩ ቡኢ ድረስ የተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ የወፍጮ ቤት ዘበኛ የሆነ ሰው ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ስለ ማዳበሪያ በመጠየቁ ነው የገባው።

በዚያን ጊዜ መስኮቱ ሥር የነበሩት ጄኔራላችን ከመስቃን የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። በመስጊድ ጉዳይ ተይዘው ከመጡት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸዋለን፤ እሳቸው ግን «ሐጂ አይደለሁም፤ መካን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው» ይሉ ነበር። አስም ነበረባቸው። እንደነገሩኝ ከሆነ ክፍሉ ስለ አስማቸው ሲል አስቀድሞ መስኮቱን ሊሰጣቸው ፈልጎ እምቢ ብለዋል፤ እየሳሉም ቢሆን ተራቸውን ጠብቀው ነው የደረሱት።

ሦስተኛው ሰው የወልቂጤ ባጃጅ ሾፌር ነው። ጎማ አቃጥለሃል ተብሎ ነው የገባው። «ጎማ ውድ ነው፤ እኔ ጎማ አቃጥላለሁ?» እያለ ይሟገት ነበር። እናቱ ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ቆጮና ጎመን ያመላልሱለታል፤ እሱም ቤተሰቡ ሩቅ ለሆነ ሰው ያካፍላል። የእኔ ቤተሰብ የት እንዳለሁ እንኳ ስለማያውቅ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የበላሁት ከእሱ እናት እጅ ነው።

«በምን ገባህ?» አለኝ ሃምሳ አለቃው።

«በኦስትሪያ መሳፍንት።»



«አቦ፣ እኛ በጎማ ገባን፣ እሱ በአውሮፓ!» አለ ሾፌሩ። «ሐጂ፣ ይሄ ልጅ ፕሮሰስ ላይ ነው። ኤምባሲ መስሎት ነው የገባው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳላስበው መጣብኝ።

አዲስ ገቢ ለክፍሉ «ሻማ» የሚባል ነገር ይከፍላል፤ ሳሙናና ስኳር የሚገዛበት ነው። እኔ ተፈትሼ ስገባ ኪሴ ባዶ ሆኗል። ሃምሳ አለቃው ትንሽ አስቦ ፈረደ፦ «ያስገባህን ትምህርት ለእኛም አስተምረን። ሻማህ እሱ ይሁን። እኛ እንደሆን ገብተናል፤ ከዚህ ወዲያ የት ያስገቡናል?»

ስለዚህ ባልዲው አጠገብ ቆሜ አስተማርኩ።

ትምህርቱ ይህ ነበር። ከብዙ ዘመን በፊት አብዛኛውን የመካከለኛው አውሮፓ ክፍል የሚገዛ አንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ነበር። በዚያ ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል፤ የክርስትና ስሙና ጦሩ። ገና ድምፁ ሳይጎረንን የፈረሰኛ ሬጅመንት ኮሎኔል የሆነ ልጅ ነበር። መለዮውን በልኩ ሰፍተውለታል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሽበታም ወታደር ለዚያ ልጅ ሰላምታ ይሰጣል?»

«ይሰጣል።»

«ተረከዙን አጋጭቶ?»

«አጋጭቶ።»

«ልጁ ቦይ ቆፍሯል? ሌሊት ጥበቃ ወጥቷል? ድንች ልጧል?»

«አልላጠም።»

«እኔ ሃምሳ አለቃ እስክባል ድረስ የላጥኩት ድንች ይህን ክፍል ይሞላል» አለ።

ቀጠልኩ። ሁሉም ግን ከንቱ አልነበሩም፤ ይህን ለተማሪዎቼም አስረድቻለሁ፤ የታሪክ አንድ ወገን ብቻ ሲነገር አልወድም። ከመካከላቸው የሚጥል በሽታ የነበረበት፣ ደካማ ሰውነት ያለው ልዑል ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ወንድም ስለሆነ ጦር ተሰጠው፤ ይሁንና እውነተኛ የጦር ሰው ሆኖ ተገኘ። ማንም ያላሸነፈውን የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር መልሶታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተሸነፈ፤ ጦሩን ትቶ ቤቱ ተቀምጦ ስለ ጦርነት መጽሐፍ ሲጽፍ ኖረ።

«ማሻአላህ፣ እሱስ ሰው ነው» አሉ ሐጂ።

የዚህኛው ታናሽ ወንድም ደግሞ ገና ጎረምሳ ሳለ የአንድ ሙሉ ጦር አዛዥ ተባለ። እውነተኛውን ትእዛዝ የሚሰጠው ግን አጠገቡ የተቀመጠ ሌላ ሽማግሌ ጄኔራል ነበር፤ ልዑሉ ሽማግሌው ያለውን ሁሉ እንዲፈጽም ከላይ ታዝዟል። በረዶ በሚጥልበት ጫካ ውስጥ ያ ጦር ክፉኛ ተመታ። የተሸነፈው ማን ተባለ? ልጁ። በኋላ ይህ ልዑል ተራራ ወዳድ ሆነ፤ የአንድ የፖስታ ቤት ሹም ልጅ አገባ።

«የፖስታ ቤት ሹም? የንጉሥ ወንድም?» ሐጂ ቀና አሉ። «ቤተሰቡ ዝም አለ?»

«ብዙ ዓመት ከልክለውት ነበር።»

«አገባት ግን።»

«አገባት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ የራሳቸውን ልጅ የዳሩ ይመስሉ ነበር።

የነገርኳቸው የመጨረሻ ልዑል ደግሞ ጦሩ የሚሰለጥንበት መንገድ ስሕተት ነው ብሎ ጽፎ አሳተመ። ወደ ሩቅ ቦታ አዛወሩት። እዚያም ሆኖ አላረፈም፤ በመጨረሻ ማዕረጉንና የቤተሰቡን ስም ትቶ መርከብ ገዝቶ ወደ ባሕር ሄደ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

«ጠፋ ማለት ከዳ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«አይታወቅም። ጠፋ።»

ትምህርቱ እዚህ ላይ አለቀ። ቡታጅራ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩ ቀን የቤተሰቡን ሐረግ ሰሌዳ ላይ ስዬ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማዕረጉን ጽፌ ነበር። ሥርዓት ያለው ሰሌዳ እወዳለሁ። ያን ጊዜ አንድ እጅ ተነሳ። «ቲቸር፣ ጄኔራል ሁሉ ከአንድ ቤት የሚወጣበት አገር አውሮፓ ብቻ ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አስቡበት» አልኩ፤ ደወል ተደወለ።

«በቃ?» አለ ሾፌሩ።

«በቃ።»

«የጠየቀውስ ልጅ?»

«አንድ ተማሪ ነው» አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም።

ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን አሁን ልናገር። ጠያቂዋ ሴት ልጅ ናት። ከመስቃን ገጠር ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጋሪ እየመጣች ትማር ነበር። በርበሬ ለቀማ ሲደርስ ጣቶቿ ስለሚቃጠሉ እስክሪብቶውን በጥፍሯ ጫፍ ይዛ ነው የምትጽፈው። ከቤታቸው እስከዚያ የትምህርት ደረጃ የደረሰ ከእሷ በፊት ማንም አልነበረም። ስሟ ከአፌ ከወጣ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ባያስሯት እንኳ አባቷ ከትምህርት ያስቀሯታል፤ ፈርተው። እኔም ልፈርድባቸው አልችልም ነበር።

በማግስቱ ይሁን ከዚያ በኋላ ወደ መርማሪው ወሰዱኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። ጠረጴዛው ንጹሕ ነበር፤ እስክሪብቶዎቹ በመስመር ተደርድረዋል። እኔም የምደረድረው እንደዚያ ስለሆነ ትንሽ ረበሸኝ።

«መምህር፣ ትምህርቱን አይተነዋል። መጽሐፉ ላይ አለ። ችግር የለብንም።»

«ታዲያ ለምን ታሰርኩ?»

«ጥያቄው መጽሐፉ ላይ የለም።» ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። «ጥያቄው ሻይ ቤቱን ሁሉ ዞሯል። የጠየቀው ልጅ ግን ጠፋ። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አስጠየቅን። አንዱ ‘አልሰማሁም’፣ ሌላው ‘አልሰማሁም’። ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ቀን ደነቆረ! አንተን አንፈልግህም። የልጁን ስም ንገረኝና ሰኞ ክፍልህ ግባ።»

«ልጁ» ነው ያለው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከወንድ እንጂ ከሴት ይመጣል ብሎ አላሰበም። እኔ በቀን ስንት ስሕተት የማርም ሰው ነኝ፤ አፌ ሊከፈት ደርሶ ነበር። ዘጋሁት።

«የባለጋራዡ ልጅ ነው አይደል?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩ፤ እውነት ስለሆነ።

«እሺ። ያ ረጅሙ፣ ኳስ ተጫዋቹ?»

«እሱም አይደለም።»

ፈገግ አለና ጣቱን አጠፈ። ሁለተኛ ጣት ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ይህ የምርጫ ጥያቄ ነው። እኔ ራሴ ለፈተና ሳዘጋጃቸው «መልሱን ካላወቃችሁ መልስ የማይሆነውን እየሰረዛችሁ ሂዱ» ብዬ ነው የማስተምረው። ትንሽ ከቀጠልኩ ወንዶቹ አልቀው ወደ ሴቶቹ ይደርሳል።

«ከዚህ በኋላ ስለ ማንም አልመልስም» አልኩ።

«ለምን? ንጹሕ የሆኑትን እያዳንክልን ነው እኮ።»

«አንድ ሰው እስኪቀር ድረስ ነው የማድናቸው።»

አልተቆጣም። «ወደ ግድግዳው ዙር» አለኝ። ዞርኩ። እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። እሱ ወረቀቶቹን ይሠራል፣ ስልክ ያነሳል፣ ለሻይ ይወጣል፣ ይመለሳል፤ እኔ ግድግዳው ላይ የነበረን የቀለም ስንጥቅ ሳይ ዋልኩ። መጀመሪያ ትከሻ ያማል፤ ቀጥሎ ጉልበት። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ስለዚያ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ በሩ ሲከፈት ጨዋታ አልነበረም። መስኮቱ ሥር አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም። ሐጂ ደግሞ ከበሩ ጎን፣ እኔ ቦታ ላይ፣ ባልዲው አጠገብ ተቀምጠዋል። መስገጃቸውንና ትንሿን ጥቅልላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይስላሉ።

«መምህራችሁ ተባብሮናል። ይህ የእሱ ነው» አለ በሩን የከፈተው ጠባቂ፤ ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ዘጋና ሄደ።

ማንም ቀና አላለም። ሾፌሩ የእናቱን ቆጮ ይቆርስ ነበር። አላቀረበልኝም።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ልዑል» አለኝ። «ከምልምል ወደ ጄኔራል በአንድ ቀን። ለካ ትምህርቱ የራስህ ታሪክ ነው?»

«ምንም አልነገርኳቸውም።»

«ፍራሹ በራሱ እግር መጣ?»

«ተወው» አለ ሃምሳ አለቃው። እኔን ማለቱ ይሁን ሾፌሩን አልታወቀኝም። ፊቱን አየሁት፤ የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይቶ የሰለቸው ሰው ፊት ነበር። እሱ ነው ከሁሉ ያመመኝ።

ስለ መርማሪው ዘዴ፣ ስለ ምርጫው ጥያቄ፣ ስለ ሁለቱ ጣቶች ላስረዳቸው ፈለግኩ። ለማስረዳት አፌን ስከፍት አንድ ነገር ገባኝ፤ ካሰብኩት ሁሉ አንዱም አያሳምንም። የተናገረም ሰው፣ ያልተናገረም ሰው ይህንኑ ነው የሚለው። በሕይወቴ ማብራሪያ የማይረባበት ጊዜ ሲያጋጥመኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ጎንበስ ብዬ የሐጂን ጥቅልል ከጭናቸው አነሳሁ።

«ተወው፣ ልጄ። ትእዛዝ ነው ብለዋል። ለአንተም ችግር ይሆናል።»

«ተራው የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

ግድግዳ ይዤ ነው የሄድኩት። ፍራሹን ጠቀለልኩት፤ አዲስ ስፖንጅ ስለሆነ እየተፈታ አስቸገረኝ፤ ተንበርክኬ በጉልበቴ ተጫንኩት። ግድግዳው ጥግ አቆምኩት። መስገጃቸውን መስኮቱ ሥር ዘረጋሁ፤ ጥቅልላቸውን ራስጌ አደረግኩ። ከዚያ ተመልሼ ባልዲው አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ ተኛሁ። ገላዬ በሙሉ ያን ፍራሽ ይፈልግ ነበር። ጀርባዬን ሰጠሁት።

ሐጂ ቆይተው ተነሱ። ሳል እያቋረጣቸው ወደ ቦታቸው ሄዱ። መስኮቱ ሥር ሲደርሱ ትንፋሻቸው ሲከፈት ሰማሁት።

ቆይቶ አንድ ነገር ትከሻዬን ነካኝ። የሾፌሩ እጅ ነበር፤ ጎመን የተጠቀለለበት ቆጮ ይዟል። ይቅርታ አላለኝም። «ብላ፤ እናቴ የተረፈ ስታይ ትቆጣለች» ብቻ ነው ያለኝ።

ጠዋት ላይ ሐጂ እንዲተኙበት ፍራሹን ልሰጣቸው ሞከርኩ፤ ሲሚንቶው ለደረታቸው መጥፎ ነበር። እጃቸውን አወዛወዙ። «ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። በሱ ላይ አድሬ ተነስቼ አልሰግድም» አሉ። ማንም አልፈለገውም። ጠባቂዎቹም መልሰው አልወሰዱትም። ሃምሳ አለቃው ጥጉ ላይ የቆመውን ጥቅል ሲያየው ቆይቶ ተነሳ፤ ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ቆመና ባዶ ተረከዞቹን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠው።

«እንዴት አደሩ፣ ልዑል? ሬጅመንቱ በሰላም አድሯል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍራሹ ስም ልዑሉ ሆነ። «ልዑሉ ድንች አልላጠም»፤ «ልዑሉን አትደገፈው፣ የቤተሰቡን ስም ይጠራብሃል»፤ «ልዑሉ የፖስታ ቤት ሹም ልጅ ያግባ» እያልን ብዙ ሳቅን። ይህን ስጽፍ የደስታ ጊዜ ይመስላል፤ አልነበረም። በጣም የደከሙ ሰዎች በቀላሉ ይስቃሉ።

መርማሪው ደግሞ አስጠራኝ።

«ፍራሹን አልተኛህበትም አሉኝ።»

«አዎ።»

«የደከመህ ትመስላለህ።»

«ደክሞኛል።»

«ታዲያ?» እስክሪብቶውን አስተካከለ። «ልጁን ብትነግረኝ ምን እናደርገዋለን ብለህ ነው? ምንም። እንመክረዋለን።»

«እንደ እኔ?»

አላለሳለሰም፣ አልጮኸምም። እንደገና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከዚያም ሌላ ጊዜ። የቀለሙን ስንጥቅ እስከ ቅርንጫፎቹ አወቅኩት። ጥያቄዎቹ እያጠሩ፣ እያጠሩ መጡ፤ በመጨረሻ እሱም የሰለቸው ይመስለኛል።

አንድ ጠዋት ስሜ ተጠራ። ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም፤ «ሂድ» ብቻ። ያን ጊዜ ከባልዲው ሁለት ቦታ ከፍ ብዬ አሥር አለቃ ደርሼ ነበር። ሐጂ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ለእኔና ለዚያ «ልጅ» ዱዓ አደረጉ፤ እሳቸውም ወንድ እንደሆነ አስበዋል። ሃምሳ አለቃው «ያ ባሕር ላይ የጠፋው ልዑል ግን በፍጹም አልተገኘም?» አለኝ። አልተገኘም አልኩት። «እንግዲህ አንተ እንዳትጠፋ» አለ። ሾፌሩ ስወጣ እናቱ ቤት ጎራ እንድል አድራሻ ነገረኝ። ጎራ አልኩ፤ እናቱ ምንም ሳይጠይቁኝ ምግብ አቀረቡልኝ።

ወደ ቡታጅራ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። የዝውውር ትእዛዝ ጠበቀኝ፤ አረቅጥ ወደምትባል የደጋ ከተማ። ብርዱ ከባድ ነው፤ ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ነው የሚያዳምጡት። እስካሁን የማስተምረው እዚያ ነው። ያን ምዕራፍም አስተምረዋለሁ፤ ሐረጉን ሰሌዳው ላይ እስላለሁ፤ ማዕረጎቹን በሌላ ቀለም ጠመኔ እጽፋለሁ። አሁን መንግሥቱም ተለውጧል፤ የሰዎቹም ቦታ ተለዋውጧል። ስጨርስ ግን አሁንም በሩን አየዋለሁ። ልማድ ሆኗል፤ ያደክማል፤ ግን አስተምረዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ለወረቀት ጉዳይ ቡታጅራ ወርጄ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ከሚኒባሶቹ መካከል አንዲት ወጣት ቆማ አየችኝ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ቲቸር። ረሱኝ?»

አልረሳኋትም። ፋርማሲ ተመርቃ ቡኢ ሥራ እንደጀመረች ነገረችኝ። 

«እኔንም ጠይቀውኝ ነበር» አለች። «‘ማን ነው የጠየቀው?’ ሲሉኝ ‘አልሰማሁም’ አልኳቸው። የራሴን ጥያቄ አልሰማሁም አልኩ። ሄጄ እኔ ነኝ ልላቸው ብዙ ጊዜ ተነስቼ ነበር። ልጆቹ ቦርሳዬን ይዘው አስቀሩኝ።»

«ደግ አደረጉ።»

«እርስዎስ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። እኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ የምሆነውን አላውቅም፤ ስለዚህ ማስረዳት ጀመርኩ። ያ ቤተሰብ በመጨረሻ እንዴት እንደወደቀ፣ ከየብሔሩ የተሰበሰበው ጦሩ እንዴት ተበትኖ በየአገሩ እንደገባ፣ ኮሎኔል ሆነው የተወለዱት ልዑላን እንዴት ተራ ሰው ሆነው እንደኖሩ። ረዳቱ «ቡኢ! ቡኢ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። እሷ እንደ ድሮው አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችኝ።

«ጥያቄዬን ግን አልመለሱልኝም፣ ቲቸር» አለች ስጨርስ። «‘አስቡበት’ ብለው ነው የሄዱት።»

«አሰብሽበት?»

«በጣም።»

«አውሮፓ ብቻ አይደለም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ረዳቱ በሩን ይዞ ይጠብቃታል። ገባችና መስኮቱን ከፍታ እጇን አወጣች። እኔም ሚኒባሱ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ፤ ጉልበቴ ረጅም ጊዜ መቆም አይወድም፤ ያን ቀን ግን ቆምኩ።